አንድ የጥበቃ ቦታ ስንት ሰው ይፈልጋል? ስለ ድሬዳዋ ሠራተኛ አቅራቢዎች ፉክክርና መፈላለግ

ቀንና ሌሊት ለሚጠበቅ አንድ ቦታ ሦስት ሰው ይበቃል ብሎ ዋጋ የሚሞላ ኤጀንሲ ወይ ሒሳቡን አልሠራም፣ ወይ ጉድለቱን ከሠራተኛው ላይ ሊያወጣ አስቧል። በድሬዳዋ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የጫኝና አውራጅ፣ የፋብሪካ ረዳት ሠራተኛ የሚያቀርቡ ድርጅቶች የሚፎካከሩት በዚህች ስሌት ነው። የሚጣሉትም በእሷ ነው፤ ተጣልተው ሳምንት ሳይሞላ የሚፈላለጉትም በእሷው ነው። ወደ ዓረብ አገር ሠራተኛ የሚልኩትን ኤጀንሲዎች እዚህ አላነሳም፤ የሚተዳደሩበት አዋጅም፣ ሥራቸውም ሌላ ነው።

ስሌቱ ይኸው። ሰው የማይለየው ቦታ በሳምንት 168 ሰዓት ይጠበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። 168ን ለ48 ስናካፍል 3.5 ይመጣል። ይህ ግን ማንም ፈቃድ ሳይወጣ፣ ማንም ሳይታመም ነው። በዓመት እንየው፦ 365 ቀን በሦስት ሽፍት 1,095 ሽፍት ነው። አንድ ሰው 52 የሳምንት ዕረፍት፣ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ (በመጀመሪያው ዓመት)፣ 5 ቀን ደግሞ ለሕመም ብለን ስንቀንስለት 292 ሽፍት ይሠራል። 1,095 ለ292 ሲካፈል 3.75። አራት በር ያለው መጋዘን 12 ሳይሆን 15 ሰው ይፈልጋል ማለት ነው።

በሦስት ሰው የተፈራረመ ኤጀንሲ በዓመት ባለቤት የሌለው 219 ሽፍት ይገጥመዋል። ያንን በትርፍ ሰዓት ልሸፍን ቢል የሳምንት ዕረፍት ቀን ትርፍ ሰዓት በሰዓት እጥፍ፣ የሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የሌሊቱ (ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት) 1.75፣ የቀኑ 1.5። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ሌላ ነው፦ ሁለት ሰው 12 ሰዓት ለ12 ሰዓት እየተቀያየሩ ሳምንቱን ሙሉ ያድራሉ። ይህ በሳምንት 84 ሰዓት ነው። አዋጁ ደግሞ ትርፍ ሰዓትን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ላይ ገድቦታል፤ ጣሪያው 60 ሰዓት ነው ማለት ነው። ከሕጉም በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ በድሬ ሙቀት ቀኑን ሰባት ቀን በተከታታይ በር ላይ የቆመ ሰው ሌሊቱን ነቅቶ አያነጋም። ዕቃ የሚጠፋውም እንዲህ ባለ ሌሊት ነው፤ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ደግሞ ደንበኛው ከኤጀንሲው ሒሳብ ላይ ይቆርጣል።

አሁን ዋጋውን እንሥራ። ደመወዙን ለምሳሌ 5,000 ብር እንበለው። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ነው፣ 550 ብር። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ከራሱ ደመወዝ ስለሆነ ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ ገቢ ማድረጉ ግን የኤጀንሲው ግዴታ ነው። የዓመት ፈቃድ፦ 5,000 ለ26 ቀን ሲካፈል በቀን 192 ብር ከ31 ሳንቲም፣ በ16 ቀን 3,077 ብር ገደማ፣ በወር 256። ደንብ ልብስ ሁለት ሙሉ ከነጫማው በዓመት 4,800 ብር ቢፈጅ በወር 400። ጡረታውን ጨምሮ 9,000 ብር የሚያስወጣ አንድ ተቆጣጣሪ 20 ሰው ቢይዝ በነፍስ ወከፍ 450። የሥራ ስንብት መጠባበቂያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 30 የቀን ደመወዝ ስለሆነ የአንድ ወር ደመወዝ ለ12 ሲካፈል 417 ብር ገደማ። የስንብት ክፍያ ለሚሰናበት ሁሉ አይከፈልም፤ ደንበኛው ውል አቋርጦ ቅነሳ ሲመጣ ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደራረባል፤ ያኔ ከየት እንደሚመጣ ያላሰበ ኤጀንሲ ይዘጋል።

ሲደመር 7,073 ብር። ለቢሮ ወጪና ለትርፍ 10 በመቶ ብንጨምር 707 ብር፣ ድምሩ 7,780። ቫቱ በጠቅላላው ላይ ከታሰበ 8,947 ይሆናል። ቫት የሚታሰበው በጠቅላላው ክፍያ ላይ ነው ወይስ በአገልግሎት ክፍያው ላይ ብቻ የሚለው በውሉ ካልተጻፈ፣ ክርክሩ የመጀመሪያው ደረሰኝ በተቆረጠ ማግስት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ጥሩ ሒሳብ ሠሪ እንኳ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ዋጋው በሰው ከሆነ፣ እንደ ጽዳት ሥራ፣ የፈቃዱ 256 ብር መግባት አለበት። ዋጋው በቦታ ከሆነ ግን ፈቃዱ 3.75 ውስጥ ገብቷል፤ ሁለቱንም የጨመረ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ በውድ ዋጋ ይወድቃል። ስለዚህ ለአንድ የጥበቃ ቦታ፦ 7,073 ሲቀነስ 256፣ 6,817 ይሆናል፤ በ3.75 ሲባዛ 25,564፤ ከነ10 በመቶው 28,120 ብር ከቫት በፊት።

ጨረታው ሲከፈት አጠገብህ የተቀመጠው ተወዳዳሪ በሰው 6,000፣ በቦታ 18,000 ብር ሊያስነብብ ይችላል። ከ6,000ው ላይ ደመወዝና ጡረታ 5,550 ሲወጣ 450 ብር ይቀረዋል። በእሷ ልብስ ሊያለብስ፣ ተቆጣጣሪ ሊቀጥር፣ ቢሮ ሊከራይና ሊያተርፍ ነው። አይችልም። የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ጡረታውን ይቆርጣል፣ ገቢ አያደርግም። የልብሱን ዋጋ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ በየወሩ ይቀንሳል። ወይም ሥራ ፈላጊውን ገና በር ላይ «የምዝገባ» ብሎ ያስከፍለዋል። ይህ የመጨረሻውም ሕገ ወጥ ነው፤ አዋጅ 1156 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው 181ኛው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነትም ያንኑ ነው የሚለው። ደላላው ከሥራ ፈላጊው ኪስ ይኖራል፤ ኤጀንሲ ከደንበኛው የአገልግሎት ክፍያ መኖር ካልቻለ ባለፈቃድ ደላላ ነው።

ደንበኛ የሆነ ድርጅት ይህን መለየት አይከብደውም። ከቴክኒክ ሰነዱ ጋር ያለፉትን ሦስት ወራት የጡረታ መዋጮ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ከነስም ዝርዝሩ፣ በባንክ የተላለፈ የደመወዝ ሰነድ፣ በቦታ ስንት ሰው እንደሚመድብ የሚያሳይ የሽፍት ሠንጠረዥ ይጠይቅ። ሠንጠረዡ ላይ ሦስት ስም ብቻ ካየ የዋጋ ፖስታውን ባይከፍትም ይችላል። የሚገርመው የግዥ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የድርጅቱን ማህተም አጥብቀው ያያሉ፣ ሠንጠረዡን አያዩም።

ትክክለኛ ዋጋ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን መሸከም ሌላ። 40 ሰው የሚያሰማራ ውል ከመስከረም 1 ቢጀምር፣ የመስከረም ደመወዝ መስከረም 30 ይከፈላል፤ ደረሰኙ ጥቅምት 5 ይገባል፤ ደንበኛው በ45 ቀን ቢከፍል ገንዘቡ ኅዳር 20 ይደርሳል። እስከዚያ የጥቅምትም ደመወዝ ወጥቷል። ሁለት ጊዜ 222,000 (ደመወዝና ጡረታ)፣ 444,000 ብር። የመጀመሪያው ዙር ልብስ (ለየሰው አንድ ሙሉ) ለ40 ሰው 96,000። ድምሩ 540,000 ብር አንድ ሳንቲም ሳይገባ ይወጣል። የዓመቱ ውል 3,734,400 ብር ስለሆነ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ቢጠየቅ 373,440 ብር ደግሞ በባንክ ይታሰራል። ከድሬዳዋ ኤጀንሲዎች ይህን ያለ ብድር የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ያላቸው ትልልቆቹ እዚህ የሚያሸንፉት በገንዘብ አቅማቸው ነው እንጂ ሰው ስላላቸው አይደለም። ሰው ያለው የድሬው ጋ ነው። መፈላለጉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አንደኛው ዓይነት መፈላለግ የማታው ስልክ ነው። «አቦ፣ ለዛሬ ማታ ስድስት ሰው አለህ?» ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ተከማችቷል፣ ወይም መልካ ጀብዱ በኩል ያለ ፋብሪካ ሌሊት ሊጭን ነው፣ የተመደቡት ደግሞ ጎድለዋል። ይህ ዓይነት ትብብር በቃል ነው የሚሄደው፤ መሄዱም ጥሩ ነው፤ ግን አምስት ነገሮች በቴሌግራም ካልተጻፉ ጠብ ነው፦ የሰዎቹ ስም ዝርዝር፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የቀን ክፍያው ስንት ነው፣ ማን ለሠራተኛው በእጁ ይከፍላል፣ ጉዳት ቢደርስ የማን ሠራተኛ ነው። መልሱ ሁልጊዜ «የላኪው» ቢሆን ይሻላል። ለአንድ ሌሊት የተዋሰ ሰው ከላኪው ጋር የሥራ ውል አለው፣ ጡረታውም በላኪው ስም ይከፈላል፤ ተቀባዩ ለላኪው በደረሰኝ ይከፍላል። ተቀባዩ በጥሬ ገንዘብ በእጁ ከከፈለው ላኪውም ተቀባዩም «የኔ ሠራተኛ አይደለም» ለማለት በር ይከፈትላቸዋል፤ ጣቱ የተቀጠቀጠው ሰው ድል ጮራ ሆስፒታል ተኝቶ ሁለቱ ይካሰሳሉ።

ጫኝና አውራጅ ላይ ሌላም ነገር አለ። በየመጋዘኑና በየገበያው አካባቢ የተደራጁ የጫኝና አውራጅ ማኅበራት አሉ፤ ክፍያቸው በወር ሳይሆን በኩንታል ወይም በመኪና ነው፣ ቦታውንም እንደራሳቸው ይዞታ ያዩታል። ኤጀንሲ በወር ደመወዝ 20 ሰው ይዞ ዘው ቢል ሥራው በጠብ ይቆማል። አስቀድሞ ከማኅበሩ ጋር ተነጋግሮ፣ የመኪናውን ጭነት ለእነሱ ትቶ፣ የመጋዘን ውስጥ ድርደራና ቆጠራውን መያዝ የሚቻል ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በንዑስ አቅራቢነት መግባት ነው። ዋናው ተዋዋይ 15 ጥበቃ፣ 25 ጽዳት፣ 20 የማሽን ረዳት ያሸንፋል፤ የጥበቃ ሰው አለው፣ የማሽን ረዳት የለውም። መጀመሪያ የሚታየው ዋናው ውል ሥራን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ይፈቅዳል ወይ የሚለው ነው፤ ብዙዎቹ ያለ ደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ ይከለክላሉ። ሲታወቅ ውል ይቋረጣል፣ ማስከበሪያውም ይወረሳል። ቀጥሎ ክፍፍሉ ነው። ከላይ ባየነው 707 ብር ላይ ዋናው ተዋዋይ 300 ይዞ 407ቱን ቢለቅ ያስኬዳል፤ ሰውን የሚመለምለው፣ የሚቆጣጠረው፣ ሲጎድል የሚተካው ንዑሱ ነውና። ዋናው ከግማሽ በላይ ልያዝ ካለ ንዑሱ ያችን ጉድለት ከደመወዝ ላይ መፈለግ ይጀምራል፤ ደንበኛው ፊት የሚሰደበው ግን ዋናው ነው።

በንዑስ ውል ውስጥ በጣም የምጠላው ሐረግ «ደንበኛው ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» የምትለው ናት። ትርጉም ያላት ትመስላለች፤ ግን የንዑሱ ሠራተኞች ደንበኛውን አያውቁትም፣ የወሩን 30 ነው የሚያውቁት። መፍትሔው ክፍያውን ሁለት ቦታ መክፈል ነው፦ ደመወዝና ጡረታው ወር በገባ እስከ 3ኛው ቀን ደንበኛው ከፈለም አልከፈለም ይከፈላል፣ የአገልግሎት ክፍያው ድርሻ ብቻ ደንበኛው ሲከፍል ይለቀቃል። ዋናው ተዋዋይ ይህን ለመፈረም አቅም ከሌለው ሥራውን ለመያዝም አቅም የለውም።

ሦስተኛው በጋራ መጫረት ነው። ሁለት ኤጀንሲዎች የሽርክና ስምምነት ጽፈው መሪውን ለይተው ይገባሉ። የጨረታው ሰነድ በጋራ መጫረትን መፍቀዱን፣ የሁለቱም የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ መያያዙን ማረጋገጥ ነው። የንግድ ፈቃድ ማደሻው ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ «እስከ ታኅሣሥ አለኝ» ብሎ የተኛ አጋር ጥር ላይ የሚወጣ ጨረታ ላይ ሁለታችሁንም ይጥላል።

በጋራ መጫረትና በጋራ ዋጋ መቁረጥ አንድ አይደሉም፤ ይህን የማይለዩ ብዙ ናቸው። ሁለት ድርጅት አንድ ሰነድ ላይ በግልጽ ፈርመው ቢገቡ ትብብር ነው። ለየብቻ ፖስታ እያስገቡ «ይሄን አንተ ውሰድ፣ የሚቀጥለውን እኔ» ብለው ዋጋ ከተነጋገሩ ግን በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። «ከዚህ በታች አንውረድ» ብሎ ቡና ላይ መስማማትም ያው ነው፣ ምክንያቱ የሠራተኛውን ደመወዝ ለመጠበቅ ቢሆን እንኳ። ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ አሠራር መነጋገር ይቻላል፦ በቦታ 3.75 ሰው፣ ጡረታ በየወሩ፣ ከሠራተኛ ገንዘብ አለመቀበል። እነዚህ ከተጠበቁ ወለሉ በራሱ ይመጣል።

የሰው ዝርዝር ጉዳይ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከዋጋ ይልቅ እሱ ነው ወዳጅ የሚያጣላው። ድሬዳዋ ሰፊ ከተማ አይደለችም። ሳቢያን የሚኖር አንድ ፎርክሊፍት ነጂ ስሙን በአንድ ሳምንት ሦስት ኤጀንሲ ጋ ያስመዘግባል፤ ሦስቱም ለአንዱ ፋብሪካ ይልኩታል። ፋብሪካው አንድ ሰው ከሦስት ቦታ ሲመጣለት ወይ ሦስቱንም ይተዋል ወይ ርካሹን ይመርጣል፤ የቀሩት ሁለቱ «ሰዌን ወሰድክብኝ» ይባባላሉ። ይህ የሚቀልለው በአንዲት ገጽ ነው፦ ሠራተኛው ለየትኛው ድርጅት፣ ለየትኛው የሥራ መደብ፣ በየትኛው ኤጀንሲ በኩል መቅረብ እንደሚፈልግ ይፈርማል፤ ቀን ይጻፍበታል፤ ለ30 ቀን ያገለግላል። ሁለት ኤጀንሲ ከተጋጨ ቀድሞ የተፈረመው ያሸንፋል። ፊርማ ሳይኖር በስልክ የተሰበሰበ ዝርዝር የማንም አይደለም።

ድግግሞሹን መለየትም ራሱ ሥራ ነው። «ሐሊማ» አንዱ ጋ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው ጋ በሃሌታው ሀ ተጽፋለች፤ ስልክ ቁጥሯም ተቀይሯል። በስም መፈለግ አያዋጣም። የፋይዳ ቁጥር ወይም የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር የመዝገቡ ቁልፍ ይሁን። ሠንጠረዡ ላይ ከስም ቀጥሎ የሰፈር ስም መኖር አለበት፤ ከዚራ፣ መጋላ፣ ለገሃሬ፣ ገንደ ቆሬ፣ ሳቢያን፣ አሸዋ። ለወግ አይደለም። የክረምት ጎርፍ ሲመጣ የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ስለሚከፍላት፣ ማዶ ለማዶ ሰው ለመተካት የሚሞክር ተቆጣጣሪ ሽፍቱ ባዶ ይሆንበታል። ቋንቋም ይጻፍ፤ በር ላይ የሚቆም ጥበቃ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ከሚችል አንድ ሰው ጋር በሽፍት ካልተጣመረ ከሾፌሮች ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ተያዥና መልቀቂያ ላይ ኤጀንሲዎች ቢተባበሩ ሁሉም ይጠቀማል። ጥበቃ ሲቀጠር የአሻራ ምርመራ፣ የጤና ምርመራ፣ የዋስ ደብዳቤና የቀድሞ ሥራ መልቀቂያ ይጠየቃል። የሚጭበረበረው በብዛት የዋስ ደብዳቤው ነው፤ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ መደወል ዋጋ የለውም፣ ያንን ስልክ የሚያነሳው ራሱ አጭበርባሪው ነው። የዋሱን መሥሪያ ቤት ስልክ ከሌላ ቦታ ፈልጎ መደወል፣ ወይም በባጃጅ ሄዶ የሰው ኃይል ክፍሉን መጠየቅ ነው። መልቀቂያን ደግሞ አንዱ ኤጀንሲ ለሌላው በአንድ ቀን ቢያረጋግጥ ሁለቱም ያተርፋሉ። መልቀቂያ ይዞ ሠራተኛ ማገት ግን አሳፋሪ ፉክክር ነው፤ ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው።

«ጥቁር መዝገብ» የሚሉት ነገር አለ፤ በቴሌግራም ቡድን የሰው ፎቶና መታወቂያ ለጥፎ «ሌባ ነው፣ ተጠንቀቁ» ማለት። አልስማማም። ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው ሌባ ማለት በስም ማጥፋት ያስከስሳል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መታወቂያ በቡድን መበተኑ ብቻውን ጣጣ ነው። ሌላ ኤጀንሲ ስለ አንድ ሰው ቢጠይቅህ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርቷል፣ በዚህ ምክንያት ለቋል፣ ንብረት አስረክቧል ወይም አላስረከበም» በቂ ነው።

ደንበኛው ሠራተኛህን ሲወስድብህስ? ጎበዝ የማሽን ረዳት ስድስት ወር ሠርቶ ፋብሪካው በቀጥታ ሲቀጥረው ብዙ ኤጀንሲ ሠራተኛውን «ውል አፍርሰሃል» ብሎ ያስፈራራል። ሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የመልቀቅ መብት አለው፤ መታገል ያለብህ ከደንበኛው ጋር፣ ያውም በውል ላይ ነው። የሚሠራው እየቀነሰ የሚሄድ ክፍያ ነው፦ በመጀመሪያው ወር ከወሰደው የሦስት ወር የአገልግሎት ክፍያ፣ እስከ ሦስተኛው ወር የሁለት፣ እስከ ስድስተኛው የአንድ፣ ከዚያ በኋላ ምንም። «ምንም» የሚለው ክፍል ደንበኛውን ያስፈርመዋል። ኤጀንሲውንም አይጎዳው፤ ስድስት ወር ከሠራ ሰው የመመልመያ ወጪው ተመልሷል።

የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። ኤጀንሲዎችን ለማወዳደር ከዋጋ ቀጥሎ የምፈልገው ቁጥር ይህ ነው፦ ከላካቸው 20 ሰዎች ስንቱ 60ኛውን የሥራ ቀን አለፉ? ስንቱ በመጀመሪያው ሳምንት ጠፉ? በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠፋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰርቪሱ፣ ስለ ሽፍቱና ስለ ሙቀቱ በትክክል አልተነገረውም። «መኪና አለ» ተብሎ መኪናው ከዋናው መንገድ ብቻ ሲያነሳ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ በእግሩ መድረስ ያለበት ሰው ሦስት ቀን ነው የሚታገሰው። ቁጥሩን የሚይዝ ትንሽ ኤጀንሲ ትልቁን የሚያሸንፈው በዚህ ነው፤ ለደንበኛው የሚያሳየው ሌላ ምን አለው?

አሁን ውል ሲዛወር። አንዱ ኤጀንሲ ሰኔ 30 ይወጣል፣ ሌላው ሐምሌ 1 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይገባል፤ ጥበቃዎቹ ግን ያው ናቸው፣ ልብስ ብቻ ይቀይራሉ። የሚበላሸው ከጊዜው ማጠር የተነሳ ነው። ደንበኛው ለአሮጌው አቅራቢ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል፤ አሮጌው አቅራቢ ግን ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለበት። ስለዚህ ኤጀንሲዎች ከደንበኛ ጋር ሲዋዋሉ ማስታወቂያው 75 ቀን እንዲሆን መጠየቅ አለባቸው። ሥራው በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሒሳብ ተጠናቆ መከፈል አለበት፤ ያልተወሰደ ፈቃድ በገንዘብ ተቀይሮ አብሮ ይከፈላል። ያዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊቀጣ ይችላል። አዲስ የሚገባው ኤጀንሲ ደግሞ ስሕተት ላይ እንዳይወድቅ፦ የቆዩትን ሰዎች በድሮ ደመወዛቸው አስልቶ ካልተጫረተ፣ ሐምሌ 1 ማታ «በዚህ ዋጋ አንሠራም» ብለው ይወጣሉ፣ አራቱም በር ባዶ ያድራል። ከመጫረት በፊት ሠራተኞቹን ስንት እንደሚከፈላቸው መጠየቅ የሚከለክል ሕግ የለም።

የሚወጣውና የሚገባው ኤጀንሲ ኩርፊያቸውን ትተው አንድ ቀን አብረው ቢቀመጡ የሚያልቅ ርክክብ ነው፦ የቁልፍና የባትሪ ቆጠራ፣ የበር መዝገብ፣ የልብስ መመለሻ፣ የሁለቱ ተቆጣጣሪዎች የአንድ ሌሊት ጥምር ሽፍት። ሐምሌ 1 የጀመረ አዲስ አቅራቢ የመጀመሪያ ፈተናው ሐምሌ 19 ነው፤ ቁልቢ ገብርኤል። ታኅሣሥ 19ም እንዲሁ። የክርስቲያኑ ግማሽ ቁልቢ ነው፣ መኪናውም ወደዚያው ነው፣ ሰው ለመተካት የሚሮጥ ትራንስፖርት እንኳ አያገኝም። የድሬ መድኃኒት አሮጌ ነው፦ በቁልቢ ሙስሊሙ ይቆማል፣ በዒድ ክርስቲያኑ። አንድ ኤጀንሲ ውስጥ ሚዛኑ ካልተገኘ ሁለት ኤጀንሲ በጽሑፍ ይለዋወጣሉ፤ በቁልቢ ዋዜማ ስምንት ሰው ያበደረ በዒድ ስምንት ሰው ይቀበላል፣ ሰው በሰው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። በረመዳን ደግሞ የማታውን ሽፍት ልውውጥ ከማፍጠሪያው አንድ ሰዓት ቀድሞ ማድረግ ነው፤ በማፍጠሪያው ሰዓት የሚቀያየር ሽፍት ግማሽ ሰዓት በር ባዶ ያስቀራል።

የመጨረሻዋ ነገር ጳጉሜ ናት። ደንበኛው «የተዋዋልነው 12 ወር ነው» ይላል፤ በቀን የሚከፈለው ጫኝ ደግሞ በጳጉሜም የቀኑን ይፈልጋል። ላይ የሠራነው የጥበቃ ስሌት 365 ቀን ስለሆነ ጳጉሜን ይዟታል፤ በቀን ክፍያ የሚሠሩትን ግን አይዝም፤ ለእነሱ ለብቻው መስመር ይጻፍ። የጥበቃው ውል ላይም ጳጉሜ በአንድ ቦታ 15 ሽፍት መሆኗ በግልጽ ይስፈር። በ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ስለምትሆን፣ ያንን ዓመት የሚነካ ውል 18 ብሎ ይጻፍ።